በዓመታዊ የእጅ ደወል ፌስቲቫል ለመሳተፍ፦ ከምዝገባ እስከ ኮንሰርቱ ማግስት የሚደረግ ዝግጅት

በአሜሪካ በብዙ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት፣ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶችና የአካባቢ ማኅበራት ውስጥ ከነሐስ የተሠሩ የእጅ ደወሎችን የሚጫወቱ ቡድኖች አሉ። እያንዳንዱ ደወል የሚያሰማው አንድ ኖታ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ዜማ የሚወጣው አሥር ወይም አሥራ አምስት ሰዎች በረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተሰልፈው የየራሳቸውን ድምፅ በሰዓቱ ሲያስገቡ ነው። እነዚህ ቡድኖች በዓመት አንድ ጊዜ ከየከተማው ተሰባስበው በአንድ ሰፊ አዳራሽ፣ በአንድ ተጋባዥ መሪ ሥር አብረው ይለማመዳሉ፤ በመጨረሻም በመቶዎች የሚቆጠሩ ደወሎች በአንድነት የሚሰሙበት ኮንሰርት ለሕዝብ ያቀርባሉ። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢም ሆነ በሌላ የአሜሪካ ከተማ እየኖሩ ራሳቸው ወይም ልጆቻቸው እንዲህ ካለ ቡድን ጋር ተቀላቅለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፌስቲቫል ሊሄዱ ላሰቡ አማርኛ አንባቢዎች ነው። የኖታ ንባብን መሠረታዊ ነገር፣ ማለትም የኖታዎችን ስምና የምት አቆጣጠርን፣ አስቀድመው እንደሚያውቁ አድርጌ እጽፋለሁ።

ስለ አመጣጡ ጥቂት ማወቅ አይከፋም፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ደንብ ከታሪኩ የመጣ ነው። በእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ትልልቅ ደወሎችን በገመድ የሚደውሉ ሰዎች ውስብስቡን የአደዋወል ቅደም ተከተል በብርድ ማማ ላይ ከመለማመድ ይልቅ በሞቀ ክፍል ውስጥ በትናንሽ ደወሎች ያጠኑት ነበር። በ1700 አካባቢ በዊልትሸር አውራጃ በምትገኘው በኦልድቦርን መንደር ሮበርትና ዊልያም ኮር የተባሉ ወንድማማቾች በድምፅ የተቃኙ የእጅ ደወሎችን ይሠሩ እንደነበር ይታወቃል። ወደ አሜሪካ በሰፊው ያስተዋወቃቸው በ1840ዎቹ የእንግሊዝ ደዋዮችን አምጥቶ «የስዊስ ደዋዮች» በሚል ስም ለትርኢት ያቀረባቸው የትርኢት አዘጋጁ ፒ. ቲ. ባርነም ሲሆን፣ በቤትና በቤተ ክርስቲያን ሥር እንዲሰዱ ያደረገችው ግን ማርጋሬት ሸርክሊፍ የተባለች የቦስተን ሴት ናት። በ1902 ለንደን ውስጥ በስጦታ ያገኘቻቸውን ደወሎች ይዛ ተመለሰች፤ ኋላም በ1923 በቦስተን ቡድን አቋቋመች።

የትኛው ጉባኤ እንደሚስማማዎ መለየት

በ1954 የተመሠረተውና ዛሬ ሃንድቤል ሙዚሽያንስ ኦቭ አሜሪካ የሚባለው ማኅበር አገሪቱን በ12 ክልሎች ከፋፍሎ ይሠራል። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ዋሽንግተን ዲሲና ሰሜን ካሮላይና የሚገኙት በሦስተኛው ክልል ውስጥ ነው። ጉባኤዎቹ በስፋታቸው ይለያያሉ። ብዙ ጊዜ በጸደይ የሚደረገውና «ስፕሪንግ ሪንግ» የሚባለው የአንድ ቀን ስብሰባ ጠዋት ተጀምሮ ማምሻውን በአጭር ኮንሰርት ያበቃል። የክልል ፌስቲቫል ግን ሁለት ወይም ሦስት ቀን የሚወስድ፣ ሆቴል መያዝ የሚጠይቅ ነው። ከዚህ ሌላ ማኅበሩ በየዓመቱ በበጋ ወራት የሚያካሂደው ብሔራዊ ሴሚናር አለ፤ እርሱ ይበልጥ የሚያተኩረው በመሪዎችና ልምድ ባላቸው ደዋዮች ትምህርት ላይ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው የአንድ ቀኑን ነው። ሙሉ ቀን ቆሞ መደወል ምን እንደሚመስል ሰውነትዎ ሳያውቀው የሦስት ቀን ፌስቲቫል ውስጥ መግባት፣ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ክንድዎ እንዲዝልና ዓይንዎ ኖታውን እንዲስት ያደርጋል። ቡድንዎ ወደ ትልቁ የሚሄድ ከሆነ ግን ብቻዎን አይቅሩ፤ የሚቀጥለው ክፍል የሚነግርዎን በጊዜ ያከናውኑ እንጂ።

ምዝገባ

ቡድንን የሚያስመዘግበው አብዛኛውን ጊዜ የቡድኑ መሪ ነው። አዘጋጆቹ የሚጠይቁት ጥያቄ ለአዲስ ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ስንት ኦክታቭ (ከአንድ ሲ እስከ ቀጣዩ ሲ ያለው የድምፅ ስፋት) ደወል ይዛችሁ ትመጣላችሁ? ጠረጴዛችሁ በጠቅላላ ስንት ጫማ ይረዝማል? ስንት ሰው ናችሁ? የእጅ ቻይም (እንደ ደወል በእጅ ተይዞ የሚመታ የብረት ቱቦ) አላችሁ? የሚሉ ናቸው። እነዚህ ሁሉ የሚያገለግሉት የአዳራሹን ወለል ለመደልደል ነው። ሠላሳ ቡድን በአንድ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ሲደረደር፣ በወረቀት ላይ ሁለት ጫማ ያሳነሰ ቡድን ከጎረቤቱ ጋር ክርን ለክርን ሲጋጭ ይውላል። ስለዚህ መሪዎ ጠረጴዛዎቹን እንዲለኩ የሚጠይቅዎ ከሆነ በግምት አይመልሱ፤ ሜትር ይዘው ይለኩ።

በብዙ ፌስቲቫሎች ተሳታፊዎች በችሎታ ይመደባሉ፤ ምድቦቹም ከደወሉ ማዕድን በተወሰዱ ስሞች ይጠራሉ። ቀለል ያሉ ዜማዎችን የሚጫወቱት ቆርቆሮ፣ ከበድ ያሉትን የሚጫወቱት መዳብ ይባላሉ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነሐስ ይሆናሉና ሁሉም አብሮ የሚጫወተው ክፍልም ነሐስ የሚባልበት ቦታ አለ። የታተሙ የእጅ ደወል ኖታዎች ከ1 እስከ 6 ባለው የክብደት ደረጃ ስለሚመደቡ፣ ቡድንዎ በዓመቱ ውስጥ በምቾት የተጫወተው ደረጃ 2 ከሆነ ደረጃ 4 ወደሚጠየቅበት ምድብ መግባት ለማንም አይጠቅምም። ዝቅ ብሎ ተመዝግቦ በደንብ መጫወት፣ ከፍ ብሎ ተመዝግቦ ደወል ይዞ ከመቆም እጅግ ይሻላል።

ቡድንዎ የማይሄድ ከሆነ በግል መመዝገብ ይቻላል። አዘጋጆቹ በግል የመጡትን ሰብስበው አንድ ቡድን ያቋቁማሉ፣ ወይም ሰው ወደጎደለበት ቡድን ይደለድሏቸዋል። በዚህ ጊዜ ቅጹ ላይ የለመዱትን ቦታ በትክክል መጻፍ ያስፈልጋል፤ «የትም ቦታ እችላለሁ» ማለት ትሕትና ቢመስልም፣ በተግባር ከዚህ በፊት ይዘውት የማያውቁትን ትልቅ የባስ ደወል ሊያስይዝዎ ይችላል። ቀድሞ ለሚመዘገብ ክፍያው ዝቅ ማለቱም የተለመደ ነው። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ወላጅ የሚፈርመው የፈቃድ ቅጽና አብሮ የሚሄድ ኃላፊ ይጠየቃል፤ ይህን ለመጨረሻው ሳምንት አያቆዩት።

ኖታውን መያዝና የራስን ቦታ ማወቅ

የፌስቲቫሉ ዜማዎች ከወራት በፊት ይታወቃሉ። እያንዳንዱ ደዋይ የተገዛ ቅጂ ሊኖረው ይገባል፤ ፎቶ ኮፒ ማድረግ የአሳታሚውን መብት የሚጥስ በመሆኑ ፌስቲቫሎች በጥብቅ ይከለክሉታል፣ በበሩ ላይ የሚያረጋግጡም አሉ።

ቅጂውን ሲከፍቱ ከመጀመሪያው ሜዠር በፊት የተጻፈውን ይመልከቱ። እዚያ ላይ በዜማው ውስጥ የሚያስፈልጉት ደወሎች ሁሉ እንደ ኖታ ተደርድረው ይገኛሉ፤ ብዛታቸውም ይጻፋል። ደወሎቹ የሚጠሩት በፊደልና በቁጥር ሲሆን፣ በወረቀት ላይ መካከለኛው ሲ ሆኖ የሚጻፈው ሲ5 ይባላል። ድምፁ ግን ከተጻፈበት አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቤት ውስጥ በፒያኖ የሚያጠኑ ከሆነ ግር እንዳይልዎ ይህን ያስታውሱ። ሦስት ኦክታቭ የሚባለው ስብስብ ከሲ4 እስከ ሲ7 ያሉት 37 ደወሎች ሲሆን፣ አምስት ኦክታቭ የሚባለው ከሲ3 እስከ ሲ8 ያሉት 61 ናቸው።

አሁን የራስዎን ቦታ ያግኙ። ከሦስት ኦክታቩ ውስጥ ያለ ዲዬዝና ቤሞል የሆኑት 22 ኖታዎች ስለሆኑ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ሲታደል 11 ሰው ይፈልጋል። ለምሳሌ አንዱ ዲ5ንና ኢ5ን፣ ጎረቤቱ ኤፍ5ንና ጂ5ን ይይዛል፤ ዝቅተኛው በግራ እጅ፣ ከፍተኛው በቀኝ እጅ ይሆናል። ከደዋዮቹ ወገን ሲታይ ወፍራሞቹ ድምፆች በግራ፣ ቀጫጭኖቹ በቀኝ ይሰለፋሉ። ዲዬዝና ቤሞሎቹ በጠረጴዛው ላይ ከእርስዎ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ፣ ሲፈለጉም አንዱን ደወል አስቀምጦ ሌላውን ማንሳት ግድ ይላል። በአብዛኛዎቹ ስብስቦች እጀታቸው ጥቁር የሆኑት እነዚህ ናቸው። በወረቀቱ ላይ ሲ ዲዬዝ ተብሎ የተጻፈውና ዲ ቤሞል ተብሎ የተጻፈው አንድ ደወል መሆኑን፣ በአንድ ዜማ ውስጥም አጻጻፉ ሊቀያየር እንደሚችል አይዘንጉ። ጀማሪዎች በፌስቲቫል ላይ ከሚስቷቸው ኖታዎች ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት የሚጠፉ ናቸው።

ከዚያ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ይጀምራል። አንዳንድ መሪዎች የግራውን በአንድ ቀለም፣ የቀኙን በሌላ ቀለም ሙሉ በሙሉ ያስቀልማሉ። ለልጆችና ለጀማሪዎች ይህ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ገጹ ሁሉ ሲቀለም ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። የእኔ ምክር አደገኛ ቦታዎችን ብቻ ማክበብ ነው፤ ደወል የሚቀየርበትን፣ ገጽ የሚገለጥበትን፣ ከብዙ ዕረፍት በኋላ የሚገቡበትን ሜዠር። ደወል ለመቀየር ጊዜ የሚኖርበትን ሜዠር አስቀድሞ ፈልጎ «እዚህ አንሳ» ብሎ በአማርኛ መጻፍ ማንንም አያስከፋም።

እጅን ማስለመድ

በቅዳሴ ጊዜ ቃጭል ሲሰማ ያደገ ሰው ደወል በእጁ ሲገባ ደጋግሞ መነቅነቅ ይቀናዋል። የዚህ ደወል አሠራር ግን ከቃጭል የተለየ ነው። በውስጡ ያለው ምላስ በየአቅጣጫው እንዳይወዛወዝ ሆኖ ስለተገጠመ የሚሄደው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ነው፤ ከተመታ በኋላም በግፊቱ ተመልሶ እንዳይደግም በትንሽ ስፕሪንግ ተይዟል። ስለዚህ አንድ እንቅስቃሴ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፣ ያም በትክክለኛው ምት ላይ መሆን ይገባዋል።

አደዋወሉ እንዲህ ነው። ደወሉን አፉ ወደ ላይ ሆኖ በትከሻዎ አጠገብ ይያዙ። ክንድዎን ወደ ፊትና በመጠኑ ወደ ታች ይልኩና በእንቅስቃሴው መጨረሻ በእጅ አንጓዎ አጭር ቅጭት ይሰጡታል፤ ምላሱ የሚመታው በዚያች ቅጽበት ነው። ከዚያ ክንዱ ሳይቆም ወደ ላይ እየዞረ፣ በጎን የቆመ እንቁላል ቅርጽ እየሠራ ወደ ትከሻ ይመለሳል። የኖታው ዕድሜ ሲያልቅ የደወሉን ከንፈር በትከሻዎ ወይም በደረትዎ ላይኛው ክፍል ላይ በቀስታ በማስደገፍ ድምፁን ያጠፉታል። ሰው ሁሉ ሲማር የሚያተኩረው በመምታቱ ላይ ነው፤ የጥሩ ቡድን ምልክት ግን ማጥፋቱ ነው። ሁለት ምት የሚቆይ ኖታ ሦስት ምት ከቆየ፣ ቀጣዩን ስምምነት ያጨቀያል፤ ይህ ስህተት በአንድ ቡድን ውስጥ ትንሽ ቢሆንም በሠላሳ ቡድን ሲባዛ አዳራሹን በሙሉ በጉርምርምታ ይሞላዋል።

ቤት ውስጥ ደወል አይኖርዎትም፤ ደወሎቹ እጅግ ውድ ስለሆኑ ቡድኖች በተቆለፈ ክፍል ያስቀምጧቸዋል። ሆኖም ሁለት ማንኪያ ወይም ሁለት ባዶ የውኃ ጠርሙስ ይዞ መለማመድ ይቻላል። የሚጠናው ድምፁ አይደለም፣ የክንዱ መንገድና አቆጣጠሩ ነው። ሜትሮኖምን በስልክዎ ከፍተው፣ የእርስዎ ኖታ በማይኖርባቸው ሜዠሮች ሳይቀር ጮክ ብለው ይቁጠሩ፤ የእጅ ደወል ደዋይ ከሚመታበት ይልቅ የሚጠብቅበት ጊዜ ይበልጣል።

በወረቀቱ ላይ የሚያገኟቸውን አጫጭር ፊደላት ከጉዞው በፊት በቃልዎ ይያዙ። ኤል ቪ ሲጻፍ ሌላ ምልክት እስኪመጣ ድረስ ድምፁ ሳይጠፋ እንዲያስተጋባ ይተዉታል። ቲ ዲ ማለት አውራ ጣትን በደወሉ ገላ ላይ አድርጎ ደፋን ያለ አጭር ድምፅ ማውጣት ነው። ኤስ ኬ ሲሆን ብቻ ያ የቃጭል ልማድ ይጠቅማል፤ ኖታው እስኪያልቅ በፍጥነት ይነቀነቃል። ኤስ ደብሊው ከተመታ በኋላ ክንድን ወደ ታች አውርዶ በምት መመለስ ነው። ማርቴላቶ የሚባለው ደግሞ ደወሉን በእጀታው እንደያዙ በጎኑ በጠረጴዛው ላይ በተነጠፈው ስፖንጅ ላይ መትቶ እዚያው ማስቀረት ሲሆን፣ በጠረጴዛው ጠርዝ ወይም ስፖንጁ በሳሳበት ቦታ ላይ ፈጽሞ አይሠራም። ነሐስ ጠንካራ ቢመስልም ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ደወል ደግሞ ተጠግኖ ድምፁ አይመለስም። በትልልቆቹ የባስ ደወሎች ላይ ይህን የሚወስነው መሪው ብቻ ይሁን።

ሻንጣና መኪና

ለራስዎ የሚይዙት ብዙ አይደለም። ቢያንስ ሁለት ጥንድ ጓንት ያስፈልጋል፤ ጓንቱ ለጌጥ የሚደረግ ሳይሆን የእጅ ላብና ቅባት በነሐሱ ላይ ጠባሳ ስለሚተው ነው። አንዱ ጥንድ ከሰዓት በኋላ በላብ መርጠቡ ስለማይቀር ሁለተኛው የግድ ነው። እርሳስ ከነላጲሱ፣ ኖታውን በቅደም ተከተል የያዘ ጥቁር ማኅደር፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ፣ የውኃ ጠርሙስና የጆሮ መሸፈኛ ይጨምሩ። በጆሮ መሸፈኛው የሚስቁ ሰዎች ያጋጥማሉ፤ ነገር ግን በዝግ አዳራሽ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነሐሶች ለሰዓታት ሲጮኹ በቀጭን ድምፅ ረድፍ አጠገብ የቆመ ሰው ማታ ጆሮው ቢያፏጭ አይደንቅም።

የቡድኑ ዕቃ ራሱን የቻለ ጭነት ነው፤ ደወሎቹ በየሣጥናቸው፣ ተጣጣፊ ጠረጴዛዎች፣ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ስፖንጅ፣ የስፖንጁ ልብስ፣ የኖታ ማስደገፊያ፣ ደወል በውጭ የሚመታባቸው ትናንሽ መዶሻዎች፣ ምላሱን ለማስተካከል የሚያገለግሉ ትናንሽ መፍቻዎች። በብርድ ወራት ደወሎቹን በመኪና ውስጥ አያሳድሯቸው፤ ከቀዝቃዛ መኪና ወደ ሞቃት አዳራሽ ሲገቡ ጤዛ ይይዛሉ። ሣጥኖቹን ማን እንደጫነና ስንት እንደሆኑ በወረቀት ይጻፉ፤ ይህ ወረቀት በመጨረሻው ቀን ዋጋው ይታወቃል።

ደርሶ መዘርጋት

በመግቢያው የስም ባጅና የወለሉን ካርታ ይቀበላሉ። የቡድንዎ ቦታ ብዙውን ጊዜ በወለሉ ላይ በተለጠፈ ፕላስተርና ቁጥር ተለይቷል። መጀመሪያ ጠረጴዛ፣ ቀጥሎ ስፖንጅ፣ ከዚያ ልብሱ፣ በመጨረሻ ደወሎቹ ይዘረጋሉ፤ ደወል ከሣጥን ሲወጣ ጓንት ያላደረገ እጅ እንዳይነካው። ሁሉም ከተደረደረ በኋላ እያንዳንዱ ሰው ከቦታው ቆሞ የኖታው ገጽና መሪው የሚቆምበት መድረክ በአንድ እይታ ውስጥ መግባታቸውን ያረጋግጥ። ማኅደሩ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ አንገትዎን እየቀረቀሩ መሪውን ሊያዩ አይችሉም፤ ይህን አሁን ካላስተካከሉት ሁለት ቀን ሙሉ ይከፍሉበታል።

ሥነ ምግባሩ አጭርና ጥብቅ ነው። የሌላ ቡድን ደወል ሳይፈቀድ አይነካም። በጠረጴዛው ላይ ምንም መጠጥ አይቀመጥም፤ ቡና ወዳድነታችን የታወቀ ቢሆንም ስኒው ከወለሉ በላይ እንዳይወጣ። መሪው እጁን ሲያወርድ ደወል ሁሉ ጸጥ ይላል፤ «አንድ ጊዜ ልሞክራት» ብለው ከአምስት መቶ ሰው አምሳው ቢደውል ልምምዱ እንደማይሄድ ግልጽ ነው።

የጋራ ልምምድ

ብዙ ጎበዝ ደዋይ በመጀመሪያው ሰዓት ግራ የሚጋባበት ነገር አለ። በራስዎ ቡድን ውስጥ የለመዱት ጎረቤትዎን እየሰሙ መግባት ነው። በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ግን ጆሮ ያሳስታል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከእርስዎ 35 ሜትር ርቆ ከፊት ረድፍ የተመታ ደወል የሚደርስዎ ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ በኋላ ነው። ይህ ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዜማ ውስጥ አንድ ስምንተኛ ኖታ የሚቆየው ሩብ ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ የሰሙትን ተከትለው ቢመቱ ግማሹን ያህል ዘግይተዋል። ከኋላዎ ያለው ደግሞ እርስዎን ሰምቶ ይዘገያል፣ እንዲህ እየተባለ የአዳራሹ ጀርባ ከፊቱ ተለይቶ ይቀራል።

መፍትሔው አንድ ነው፤ በዓይን መደወል። የመሪው እጅ የሚነካውን ነጥብ አይተው፣ ከጆሮዎ የሚመጣውን ትተው ይመታሉ። ድምፅዎ ከሌሎቹ የቀደመ ሊመስልዎ ይችላል፤ ግድ አይስጥዎ። ትላልቅ ደወሎችን የያዙ ሰዎች ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለባቸው፤ ጥቂት ኪሎ የሚመዝን ደወል ከትከሻ ተነሥቶ ምላሱ እስኪመታ ጊዜ ስለሚፈጅ፣ እንቅስቃሴውን ከሌሎቹ ትንሽ አስቀድመው መጀመር አለባቸው። መሪውን ለማየት ኖታውን በከፊል በቃል መያዝ ያስፈልጋል። ከጉዞው በፊት የየዜማውን የመጀመሪያ አራት ሜዠሮች፣ ፍጥነት የሚቀያየርባቸውን ቦታዎችና የመጨረሻውን መስመር በቃልዎ ካጠኑ በቂ ነው፤ መሪው በእርግጥ የሚፈልግዎ በእነዚህ ቦታዎች ነው።

ተጋባዡ መሪ ቤት ውስጥ የተለማመዳችሁትን ፍጥነትና ጉላት ይለውጣል፤ ይህ መብቱ ነው። እርሳሱን በጆሮዎ ላይ ሰክተው ይቁሙና ያለውን ወዲያው ይጻፉ። «የእኛ መሪ እንዲህ አላለም» የሚለው ንግግር ለምሳ ሰዓት ይቆይ። መንገድ ሲጠፋብዎ ደግሞ መደወልዎን ያቁሙ፣ ቁጥሩን ከመሪው እጅ ያንሱ፣ በሚቀጥለው የሐረግ መጀመሪያ ላይ ይግቡ። አንድ የጎደለ ኖታ ማንም አይሰማውም፤ በጸጥታ መካከል በስህተት የተመታን ግን በረንዳ ላይ ያለው ተመልካችም ይሰማዋል።

በልምምዶቹ መካከል አጫጭር ትምህርቶች ይሰጣሉ። በአንድ እጅ ሁለት ሁለት ደወል መያዝ፣ በመዶሻ መምታት፣ የደወል እንክብካቤ፣ ለአዲስ መሪዎች የአመራር ትምህርት ይገኙባቸዋል። ሁሉንም ለመውሰድ አይሞክሩ። በአንድ እጅ ሁለት ደወል መያዝን መማር በቡድንዎ ውስጥ ሰው ሲጎድል ወዲያው ስለሚጠቅም፣ ከአንድ በላይ ካልተፈቀደልዎ እርሱን ይምረጡ።

የቡድን ብቻ ማሳያ

አንዳንድ ፌስቲቫሎች ቡድኖች ከጋራው ዜማ ሌላ የራሳቸውን አንድ ዜማ እንዲያቀርቡ ጊዜ ይሰጣሉ። ኢትዮጵያውያን ያሉበት ቡድን እዚህ ላይ የሚያዋጣው ነገር አለው። ከሲ የሚጀምረው የትዝታ ሜጀር ቅኝት የሚጠቀመው ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ እና ኤን ብቻ ስለሆነ ከሲ5 እስከ ሲ7 ድረስ 11 ደወሎች ይበቁታል፤ ስድስት ሰው ያለ አንዳች የደወል ቅያሬ ሊጫወተው ይችላል። በእርግጥ ማሲንቆ በድምፆቹ መካከል የሚያንሸራትተውን ደወል ሊያደርገው አይችልም፤ ዜማው በዝግታ የሚሄድና ክፍተት ያለው ቢሆን ይመረጣል። የባለቤትነት መብት ያለው ዘፈን ከሆነ ደግሞ ለማቀናበር ፈቃድ ያስፈልጋል።

ኮንሰርቱ

አለባበሱ ብዙ ጊዜ ጥቁር በጥቁር ወይም የቡድኑ የደንብ ልብስ ነው። ደወሉ የሚጠፋው ደረት ላይ በመሆኑ ዝርዝሩ እዚህ ይጠነክራል፤ የአንገት ሐብል፣ ትልቅ መስቀል፣ ጌጠኛ ቁልፍ፣ ዚፕ ያለው ጃኬት የነሐሱን ገላ ይጭራሉ፣ ሲነኩም ይንቃጨላሉ። የሀገር ልብስ ለማድረግ ለሚፈልጉ፣ ከደረቱ ላይ ወፍራም ጥልፍ ያለው ቀሚስ አይመችም፤ ነጠላም ክንድ ሲንቀሳቀስ ይንሸራተታል። ጥልፉ በእጅጌውና በታችኛው ጠርዝ ላይ ያለ ልብስ ግን ችግር የለውም። ስልክ በኪስ ውስጥ አይያዝም።

በመድረኩ ላይ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መሪው እጁን ሲያነሳ ሁሉም ደወሉን በአንድነት ከጠረጴዛ አንሥቶ ወደ ትከሻ ያመጣል፤ ይህ እንቅስቃሴ ድምፅ ሳይኖረው መሆን ስላለበት ደወሉን ሲያነሱ አፉን ወደ ላይ አቅንተው ምላሱ እንዳይነካ ይጠብቁ። ዜማው ሲያልቅ የመጨረሻው ድምፅ በመሪው ምልክት ይጠፋል፤ ከዚያም ደወሎቹ በትከሻ ላይ እንዳሉ ይቆያሉ፣ ወደ ጠረጴዛ የሚወርዱት መሪው እጁን ሙሉ በሙሉ ካወረደ በኋላ ነው። ተመልካች ከዚያ ቀድሞ ቢያጨበጭብም እርስዎ አይንቀሳቀሱ። በዜማዎች መካከል ገጽ ማዘጋጀት፣ መዶሻውን ወደ ቀኝ እጅ ማቅረብ፣ የሚቀጥለውን ዲዬዝ በቦታው ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚኖርዎ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው።

ከኮንሰርቱ በኋላ

ጭብጨባው እንዳበቃ አዳራሹ በአንድ ጊዜ ወደ ጭነት ጣቢያ ይለወጣል። ከዘመዶችዎ ጋር ፎቶ መነሣቱ ደወሎቹ ሣጥን ውስጥ እስኪገቡ ይቆይ። እያንዳንዱ ደዋይ የራሱን ደወሎች በማድረቂያ ጨርቅ ጠርጎ፣ ጓንቱን ሳያወልቅ ወደየቦታቸው ይመልስ፤ በሣጥኑ ውስጥ ባዶ የቀረ ጎድጓዳ ካለ ሣጥኑ ሳይዘጋ ይነገር። በስፖንጁ ልብስ ተጠቅልለው የሚወሰዱት ትናንሾቹ የሰባተኛው ኦክታቭ ደወሎች ስለሆኑ ልብሱን ከማጠፍዎ በፊት ያራግፉት። የጫኑበትን ወረቀት አውጥተው ሣጥኖቹን ይቁጠሩ፣ የወለሉን ፕላስተር አንሥተው አዳራሹን ያስረክቡ።

በሳምንቱ ውስጥ ምላሳቸው የላላ ወይም እጀታቸው የተንቀሳቀሰ ደወሎችን ቁጥር ጽፈው ለመሪዎ ይስጡ። አዘጋጆቹ የሚልኩትን የአስተያየት ቅጽም ይሙሉ፤ የሚቀጥለው ዓመት የዜማ ዝርዝርና የምድብ ክብደት የሚወሰነው ከእርሱ ነው። ዝርዝሩ ሲወጣ በመጀመሪያ የሚመለከቱት ገጽ ከሜዠር አንድ በፊት ያለው የደወሎች ሰንጠረዥ ይሁን።